ወጣቱን ማምጣት የፈለገ ቃለ ጉባኤውን ያስይዘው

«ወጣቱ ፖለቲካ አይወድም» ሲባል አልቀበልም። የምውልበት ቦታ ይህን እንዳልቀበል ያደርገኛል። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከሕንፃ ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሲቪ ለማሳተም፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ለማድረግ፣ ማመልከቻ ለማስጻፍ የሚመጡት አብዛኞቹ ከሠላሳ ዓመት በታች ናቸው። ወረቀታቸው እስኪወጣ የሚያወሩትን እሰማለሁ፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዶላር ምንዛሪ፣ ስለ ሰላም መጥፋት፣ ስለ ግብር፣ ዲግሪ ይዞ ሥራ ስለማጣት። መብራት ከጠፋ ደግሞ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ደጃፉ ላይ ቆመው ክርክሩን ይቀጥላሉ። ከዚህ ወዲያ ፖለቲካ ምን አለ?

የሚሸሹት ስብሰባን ነው። ቢሸሹም አልፈርድባቸውም። ብዙዎቹ የሚያውቁት ስብሰባ ከመድረክ ረጅም ንግግር የሚወርድበት፣ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ «ጥያቄና አስተያየት ያለው» ተብሎ ለሦስት ለአራት ሰው ዕድል የሚሰጥበት፣ የቀረው አበሉን ወይም ቲሸርቱን ተቀብሎ የሚበተንበት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የተቀመጠ ልጅ ውሳኔው ሌላ ቦታ እንዳለቀ ተምሮ ይወጣል። ሁለተኛ ለምን ይመጣል?

እኛ ሠፈር የወግ አጥባቂዎች የውይይት ክበብ አለን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት የሕንፃዎቹ የጋራ መገልገያ በሆነው ቤት፣ «ኮሚናል» በምንለው፣ እንሰበሰባለን። ወንበሩም ጀበናውም የእድሩ ነው። ከጣፎና ከአያት የሚመጡ ስላሉ ታክሲ ሳይጠፋ እንበተናለን። ፓርቲ አይደለንም፤ የመሆን ሐሳብም የለንም። በምርጫ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10,000 መሥራች አባላት፣ ለክልላዊ ደግሞ 4,000 ያስፈልጋል። እኛ የሠፈር ሰዎች ነን። ከመካከላችን የተለያየ ፓርቲ የሚደግፉ አሉ፤ የአንድ ፓርቲ አባል የሆኑም አሉ። ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስም፣ መስጊድ የሚሰግድም፣ ቤቱ አማርኛ የሚናገርም፣ ኦሮምኛ የሚናገርም አለ። የሚያገናኘን አመለካከት ነው።

አመለካከታችንን በአጭሩ ልናገር። ቤተሰብ ከመንግሥት ይቀድማል ብለን እናምናለን፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 34 ቤተሰብን የኅብረተሰብ የተፈጥሮ መሠረት ብሎ ጥበቃ ይገባዋል ይላል። እድር፣ እቁብ፣ ማኅበርና ሽምግልና መንግሥት ሲወድቅ ሲነሳ ያልፈረሱ ተቋማት ስለሆኑ ሊከበሩ ይገባል እንላለን። ሰው በላቡ ያፈራው የራሱ ይሁን እንላለን። ለውጥ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን የቆመውን ሁሉ ንዶ እንደገና መጀመር ይህችን አገር ደጋግሞ ልጆቿን አስከፍሏታል። እዚህ ሠፈር ያለ ሰው ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። ብዙዎቻችን ከመሀል ከተማ በልማት ተነስተን ወይም ዕጣ ደርሶን የመጣን ነን። የአርባና የሃምሳ ዓመት እድር በአንድ ክረምት ተበትኖ አይተናል። እዚህ ስንደርስ ጎረቤታችን ማን እንደሆነ አናውቅም ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ጠፍቶ ሬሳ ይዘው ግራ የተጋቡ ቤተሰቦች ነበሩ። እድሩን ሕንፃ በሕንፃ፣ በር እያንኳኳን እንደገና አቋቋምነው።

ክበቡም የተወለደው ከእድሩ ነው፤ ችግሩንም የወረሰው ከዚያው ነው። እድር ላይ ወጣት የለም። እናት አባት ይከፍላሉ፣ ልጅ ድንኳን ሲተከል ጉልበቱን ይሰጣል፣ ከዚያ ያበቃል። ገንዘቡ ስንት እንደሆነ፣ ደንቡ ምን እንደሚል፣ ሊቀመንበሩ እንዴት እንደሚመረጥ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ማን ሊረከበው ነው? ስለ ወግና ስለ ቅርስ እያወራን ለማስረከብ የማንዘጋጅ ከሆነ ነገራችን ሁሉ ከእኛ ጋር ይቀበራል።

የወላጆችን ፍርሃት አውቀዋለሁ። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» በየቤቱ የሚባለው በከንቱ አይደለም። አጎቴ በ1967 በእድገት በኅብረት ዘመቻ ከዘመቱት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አንዱ ነበር። ከዘመቻው ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ ትላለች እናቴ፤ ብዙ የሚያነብ፣ ብዙ የሚቆጣ። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀረ። አያቴ ደብተሮቹን በሙሉ ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው። ከዚያ ቤት የወጣን ልጆች ሁሉ ስለ ፖለቲካ አንዲት ቃል ሳንሰማ አደግን።

እኔ ስለዚያ ትውልድ አብዝቼ አስባለሁ። በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ወላጆቻቸው ምን አቀረቡላቸው? «ትምህርትህን ተማር» የሚል ምክር ብቻ። ግራ ዘመሙ ወገን ግን የጥናት ክበብ ነበረው። ለልጁ የሚነበብ ይሰጠዋል፣ ያነበበውን ተነስቶ እንዲያስረዳ ያደርገዋል፣ ወረቀት እንዲያባዛ፣ ገንዘብ እንዲያሰባስብ፣ ሌሎችን እንዲያደራጅ ያምነዋል። የሃያ ዓመት ልጅ በሚታመንበት ቦታ ይሰለፋል። አገር ይቆይ፣ በሥርዓት እንለወጥ የሚለው ወገን ለልጆቹ አንድ ወንበር እንኳ አላዘጋጀም ነበር። ይህን ባዶ ቦታ ማንም አላስገደደንም፤ ራሳችን የተውነው ነው፤ ዛሬም ልንደግመው አይገባም ብዬ ነው የምከራከረው።

ክበባችን ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ካየኋቸው ውይይቶች ትልቁን ያስነሳችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ርዕሱን የመረጠችው ራሷ ነች፤ በንጉሡ ዘመን ፓርላማ ስለቀረበው የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ረቂቅ ሕግ። ረቂቁ መሬት ለማንም አይነጥቅም፤ የጭሰኛውን ኪራይ ለመወሰንና ያለ ምክንያት እንዳይፈናቀል ለማድረግ ነበር። የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር ከተቋቋመ ወዲህ ለዓመታት ሲንከባለል፣ ባለመሬቶች የሞሉበት ፓርላማ ሳያጸድቀው አብዮቱ ደረሰ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ 31/67 ተወረሰ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ አዋጅ 47/67 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወሰደ። ልጅቱ ወረቀቷን አጥፋ «ሳይቃጠል በቅጠል ቢሉ ኖሮ ምን ይቀርባቸው ነበር?» ብላ ተቀመጠች።

የእድራችን ሊቀመንበር፣ ጋሼ የምንላቸው፣ የአባታቸው ሁለት ቤት በዚያ አዋጅ የተወረሰባቸው ሰው ናቸው። ተነሱና «የኔ ልጅ፣ አባቴ ባለርስት አልነበረም፤ ሸማ ነግዶ ነው ቤት የሠራው። ፓርላማው ባጠፋ እሱ ለምን ተቀጣ?» አሏት። እሷም አላፈገፈገችም፤ በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ እኔም የምለው ያንኑ ነው፤ በጊዜው ያልተጠገነ ነገር ሲፈርስ ጥፋተኛና ንጹሕ አይለይም» አለች። ክርክሩ የኮሚናሉ በር እስኪዘጋ ቀጠለ። ቀበሌ የሚባለውም ነገር የመጣው ከዚያው ከአዋጅ 47 መሆኑን፣ ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው የመኖሪያ ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር እንደነበር ብዙ ወጣቶች ያን ቀን ነው የሰሙት። አዋጁን ኮፒ አድርጌ ለሁሉም አደልኩ። ለእኔ ወግ አጥባቂነት ማለት ይህ ነው፤ ለማቆየት ሲባል በጊዜው መጠገን። በአንዲት ሃያ ሁለት ዓመት ባልሞላት ልጅ አፍ በዚህ ጥራት ሲነገር ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከመሬቱ ክርክር ወደ ቤት ኪራይ የተሻገርነው ብዙም ሳንቆይ ነው። ይህኛው ከባድ ነበር፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ታሪክ ሳይሆን ኮሚናሉ ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጠ ነው። ከአባሎቻችን ትልልቆቹ በ20/80 ፕሮግራም ሃያ በመቶ ቆጥበው፣ የቀረውን ለባንክ በየወሩ እየከፈሉ ባለቤት የሆኑ ናቸው። አንዳንዶቹ ቤታቸውን አከራይተው ልጃቸው ጋ ይኖራሉ። ወጣቶቹ አብዛኞቹ ተከራዮች ናቸው፤ ሦስትና አራት ሆነው ስቱዲዮ ይጋራሉ። የዴሊቨሪ ሞተር የሚነዳ አንድ ልጅ ተነስቶ እንዲህ አለ፦ «እናንተ ጠብቁ ጠብቁ ትላላችሁ። ቤት ያለው ቤቱን ይጠብቃል። እኔ የምጠብቀው ምኔን ነው?»

የትም አገር ያለ ወግ አጥባቂ ይህን ጥያቄ መመለስ ካልቻለ ወጣት አያገኝም። ሰው ሥር ሲሰድ፣ ቤት ሲኖረው፣ ትዳር ሲይዝ፣ የሚያወርሰው ሲኖረው ነው ሰላምና ሥርዓት የሚናፍቀው። ትዳር በኪራይ ምክንያት በሚዘገይበት ከተማ ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረት ነው ብሎ መስበክ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ልጁን «አንተ ዝም በል፣ ጊዜህ ይመጣል» ሊለው የፈለገ ሰው እንዳይኖር ሰብሳቢው ጥያቄውን አጀንዳ አድርጎ አስያዘው።

በቀጣዩ ስብሰባ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጁን፣ 1320/2016ን፣ አነበብን። አከፋፍለን ነው ያነበብነው፤ ተከራዮቹ የአከራይን መብት የሚመለከተውን፣ አከራዮቹ የተከራይን። ይህን ያሰበችው አንዲት የሒሳብ መምህርት ናት፤ እግዚአብሔር ይስጣት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ እንዳለበት፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበት፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ እንደማይችል፣ ጭማሪ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መሠረት በዓመት አንዴ ብቻ እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም ነበር። አከራዮቹ ተቃወሙ። «በንብረቴ መንግሥት ዋጋ ከወሰነልኝ ንብረቴ ምኑ ላይ ነው?» አሉ። ይህ የወግ አጥባቂ ክርክር ነው፤ እኔም በግማሽ ልቤ ከእነሱ ጋር ነኝ። የዋጋ ቁጥጥር ሲጠብቅ አዲስ ቤት ሠርቶ የሚያከራይ ይቀንሳል ብዬ እሰጋለሁ። በሌላ በኩል በየስድስት ወሩ ዕቃውን በጋሪ የሚያዞር ልጅ የየትም ሠፈር ሰው አይሆንም፤ እድር አይገባም፣ ጎረቤት አያውቅም። የሁለት ዓመት ውል ሥር ያስይዛል። ሁለቱም የእኛው መርሖች ናቸው፤ ንብረትና ቤተሰብ። ሲጋጩ ምን እንደሚደረግ ከሰማይ የወረደ መልስ የለም፤ ተቀምጦ መመዘን ነው።

የወሰንነው ይህን ነው፦ በሕጉ ላይ ያለን አቋም እንደተከፈለ ይቆይ፤ ነገር ግን የክበቡ አባል የሆነ አከራይ ሁሉ ከተከራዩ ጋር በጽሑፍ ይዋዋል። ድምፅ ሲሰጥ ሁለት አከራዮች ተቃወሙ፣ አንድ ሰው ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ። ሁሉም በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል።

ቃለ ጉባኤውን የያዘው ያው የዴሊቨሪው ልጅ ነው። ከዚያች ጥያቄው በኋላ ነው ጸሐፊ አድርገን የመረጥነው። በስልኩ ይጽፋል፣ ማታ ያስተካክለዋል፣ ሰኞ እኔ ሱቅ መጥቶ ያትመዋል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ይነበባል። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ስብሰባውን ለወጠው። ትልልቆቹ የተናገሩት ነገር ተጽፎ ሲነበብላቸው መመዘን ጀመሩ። አንድ ጊዜ ጋሼ «ይህን አላልኩም» አሉ። ልጁ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ እንዳሉት ነው የጻፍኩት፤ ይስተካከል ካሉ ግን ማሻሻያ ያቅርቡና ቤቱ ይወስን» አላቸው። ጋሼ ማሻሻያ አቀረቡ፣ እጅ ወጣ፣ ተስተካከለ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ልጁ ከታላቁ ፊት ሳያፍር፣ ታላቁም ሳይዋረዱ ነገሩ በሥርዓት አለቀ። አክብሮትና እኩልነት አብረው አይሄዱም የሚሉ ሰዎች ያን ቀን ቢመጡ እወድ ነበር።

ለዚህ ነው ሥራ ስጡ የምለው። ሥራ ስል ወንበር መደርደርና ባነር መስቀል አይደለም፤ ያን ያህሉንማ ሁሉም ያሠራቸዋል። ገንዘብ ያዣችን የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። የምንሰበስበው መዋጮ ትንሽ ነው፤ ከውጭም ከባለሀብትም አንቀበልም። የባንክ ደብተሩ ግን እሷ እጅ ነው፤ ሂሳቡን በየሦስት ወሩ ታነብባለች፤ ደረሰኝ የሌለውን ወጪ አትቀበልም። ሰብሳቢው ራሱ ያለ ደረሰኝ የገዛውን ስኳር ከኪሱ ከፍሏል። ሕዝብ ገንዘቡን ስለሚጠብቁ ሰዎች ሌላ ቦታ ቆሞ ከማማረር ይልቅ አንዲት ደብተር በታማኝነት ጠብቆ ማሳየት ይበልጣል። ይህች ልጅ ነገ የምክር ቤት ዕጩ ብትሆን፣ ዕድሜዋም ሕጉ ከሚጠይቀው 21 አልፏል፣ በጀት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች።

ስለ ሴቶቹ ለብቻው መናገር አለብኝ። መጀመሪያ አካባቢ ቡና የሚያፈሉት፣ ዳቦ የሚቆርሱት፣ ስኒ የሚያጥቡት ሴቶቹ ብቻ ነበሩ። ውይይቱ ሲሞቅ እነሱ ረከቦት ላይ ናቸው። አንዷ በልዩ ልዩ ጉዳይ ላይ እጇን አውጥታ «ቡና በተራ ይሁን፤ ወንዶቹም ያፍሉ» አለች። ቡናው ወጋችን ነው፤ እንዲቀር ማንም አልፈለገም፣ እሷም ጭምር። ተራ ወጣለት። ጋሼ በተራቸው ቀን ሲያፈሉ ሦስተኛውን ሳይጨርሱ አልተነሱም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1883 የተቋቋመውን፣ ፕሪምሮዝ ሊግ የሚባለውን የወግ አጥባቂዎች ማኅበር ታሪክ ያነበብኩት በዚያው ሰሞን ነው። ሴቶች ለፓርላማ የመምረጥ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1918 ሆኖ ሳለ፣ ይህ ማኅበር ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ሴቶችን አባል አድርጎ፣ የሻይ ግብዣና ጨዋታ እያዘጋጀ፣ ቤት ለቤት መራጭ የሚቀሰቅሱት እነሱ ሆነው ነበር። ድግሱና ፖለቲካው አልተነጣጠሉም። የእኛ እናቶች ማኅበርና ሰንበቴ ሲያዘጋጁ የሚያሳዩትን የማደራጀት ችሎታ የትኛው ፓርቲ አለው? እኛም አገር በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜያቸው 21 የሞላ ሴቶች ከወንዶች እኩል እንዲመርጡ ተፈቅዷል። መብቱ ከተጻፈ ሰባ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ የቀረው በስብሰባ ላይ ድምፃቸው እንዲሰማ ማድረግ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ሱቄ መጥታ በቁጣ «አንቺ፣ ልጄን ምን ውስጥ ልትከቺብኝ ነው?» አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ አያቴን ነው ያየሁባት። ወንበር ሰጥቻት የክበቡን መተዳደሪያ ደንብና የቃለ ጉባኤውን ፋይል ከፊቷ አስቀመጥኩ። የምንሠራው ሁሉ እዚህ አለ፤ ድብቅ ነገር የለም። የመሰብሰብ መብት በአንቀጽ 30፣ የመደራጀት መብት በአንቀጽ 31 ተጽፏል። አንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ሰፋ ያለ ስብሰባ ስናደርግ በ1983ቱ የሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ አዋጅ መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቀናል፤ ደብዳቤውን ያረቀቁት ልጆቹ ናቸው፣ የደረሰበት ማኅተም ያለው ቅጂ ፋይሉ ውስጥ አለ። ገልብጣ አየችው። ልጇ ከዚያ በኋላ ሳትደበቅ ትመጣለች። እናትየውም አንዳንድ ቅዳሜ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች።

የማንስማማበትም አለ። ትምህርት ቤት አጠገብ የተከፈተው ቤቲንግ ቤት ትልልቆቹን አስቆጥቷል፤ «ይዘጋ» ብለን እንጻፍ አሉ። ወጣቶቹ «ከተዘጋ በስልካቸው ይጫወታሉ፤ ይልቅ ልጆቹ የሚውሉበት ሜዳ ይጠየቅ» አሉ። እኔ ትምህርት ቤት አጠገብ ቁማር መኖር የለበትም ባይ ነኝ፤ በዚህ አልደራደርም። ደብዳቤው በመጨረሻ ሁለቱንም ይዞ ወጣ። ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ በር ያለውን ርቀት በእርምጃ ለክተው፣ የዩኒፎርም ልጆች የሚገቡበትን ሰዓት መዝግበው አያያዙበት። እኛ ሽማግሌዎቹ ብቻ ብንጽፈው ምሬት ብቻ ይሆን ነበር። ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ገብቷል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

ምርጫ ሲደርስ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። በሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ አዲስ አበባ ላይ ሰልፉ ረዝሞ ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መራዘሙን እናስታውሳለን። እዚህ ሠፈር ግን ብዙ ወጣት ሰልፉ ላይ አልነበረም፤ ስላልፈለገ አይደለም። ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ የነዋሪነት መታወቂያ ይጠየቃል፤ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል፤ መሸኛው ያለው ጎጃም ወይም ወላይታ ወይም አርሲ ነው። ቤት አከራይ ደግሞ «በእኔ ቤት ቁጥር አትመዝገብ» ይላል። ስለዚህ ልጆቹ በየሕንፃው እየዞሩ ማን ምን ወረቀት እንደጎደለው ይመዘግባሉ፤ የጽሑፍ ውል ያለው ተከራይ ነዋሪነቱን ማስረዳት ቀላል ስለሚሆንለት የኪራዩ ውሳኔያችን እዚህም ጠቅሟል። የትኛውን ፓርቲ እንደሚመርጥ ማንም አይጠየቅም፤ ይህን የጣሰ አባል ከዚህ ሥራ ይወጣል።

አሁን ፊታችን ያለው አጀንዳ የደንብ ማሻሻያ ነው። ልጆቹ ያቀረቡት ረቂቅ ሁለት ነገር ይላል። ከሰባቱ የሥራ አስፈጻሚ ወንበሮች ሦስቱ ከሠላሳ ዓመት በታች ለሆኑ ይሁኑ፤ ሰብሳቢም ከሁለት ዙር በላይ አይመረጥ። ጋሼ የመጀመሪያውን ይቃወማሉ። «ሰው በዕድሜው ሳይሆን በችሎታው ይመረጥ፤ ዛሬ ለወጣት ኮታ ካልን ነገ ለብሔር፣ ከነገ ወዲያ ለሃይማኖት እንላለን» ይላሉ። ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ረቂቁን ያዘጋጀችው ልጅ ራሷ ሌሊቱን ስታስብበት እንዳደረች ነግራኛለች። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ በችሎታ ይመረጥ ስንል እስከ ዛሬ የመረጥነው የምናውቀውን ሰው ነው፤ የምናውቀው ደግሞ እኩያችንን ነው። ጸሐፊው ጥያቄ ባይጠይቅ ኖሮ ማንም ስሙን አያውቅም ነበር። ኮታው ለሦስት ዓመት ብቻ ይሥራና ከዚያ ጉባኤው ዳግም ድምፅ ይስጥበት የሚል ማሻሻያ አቅርቤያለሁ፤ ጋሼም «እሱን አስብበታለሁ» ብለውኛል። ሁለተኛውን፣ የሁለት ዙሩን ገደብ፣ ያለ ምንም ማሻሻያ እደግፋለሁ።

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ጉባኤ ነው፤ ለማለፍ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል። አባል ያልሆነ ሰው ድምፅ ባይሰጥም ተቀምጦ መስማትና በልዩ ልዩ ጉዳይ ላይ መናገር ይችላል። የምትኖሩት አባዶ፣ ጣፎ ወይም አያት ከሆነ ረቂቁ ሱቄ አለ፤ መጥታችሁ አንብቡት፣ ኮፒ ለፈለገ ለዚህ አላስከፍልም።